ስለ ኤሌክትሪክ ሒሳብ፤ ቮልትንና አምፔርን ይዞ መቋቋምንና ኃይልን ስለ ማግኘት

ኤሌክትሪክ ራሱ በዓይን የማይታይ፥ ሥራው ግን የሚታይ ነገር ነው። ሌሊቱን ያበራል፥ ውሃውን ያፈላል፥ እንጀራውን ይጋግራል፥ ወፍጮውን ያዞራል። በዓይን ስለማይታይም ብዙ ሰው «መጣ» ወይም «ጠፋ» ከማለት በቀር ስለ እርሱ ሌላ ነገር አይናገርም። ነገር ግን እህል በቁና፥ ሸማ በክንድ፥ ቅቤ በሚዛን እንደሚለካ ኤሌክትሪክም ልክ አለው። ልኩን የማያውቅ ሰው ገንዘቡን በከንቱ ይከፍላል፤ ቤቱንም ለእሳት አሳልፎ ይሰጣል፤ አንዳንድ ጊዜም ከዚህ ቀጥሎ እንደምንተርከው በንጹሕ ሰው ላይ ሊፈርድ ይደርሳል።

ሒሳቡ ግን ከባድ አይደለም። ማባዛትና ማካፈል የሚችል ተማሪ ሁሉ ይችለዋል። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ መምህራን በክፍላቸው እንዲያስተምሩት፥ ማንበብ የሚችሉ አባቶችም በቤታቸውና በሸንጎአቸው እንዲጠቀሙበት ተጻፈ።

፩ኛ፤ ስለ ምጣዱ ክርክር

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ለልጆች ምሳ እንጀራ የሚጋገርበት የኤሌክትሪክ ምጣድ ተገዛ። ነጋዴው ምጣዱን በሱቁ ሳለ አብርቶ፥ ሊጥ አስፈስሶ፥ እንጀራው ዓይን ሲያወጣ ለገዢዎቹ አሳይቷቸው ነበር። ምጣዱ ወደ ትምህርት ቤቱ ማድ ቤት ከገባ በኋላ ግን እንደዚያ አልሆነም። እንጀራው ዓይን አላወጣም፤ ቶሎም አልበሰለም፤ ጋጋሪዋም አንዱን ለማውጣት አክንባሎውን ከድና ረዥም ጊዜ ትጠብቅ ነበር። ልጆቹም ምሳቸው እየዘገየ ከሰዓት በኋላ ያለውን ትምህርት በከፊል አጡ።

የወላጆች ኮሚቴም «ነጋዴው ያሳየን ሌላ፥ የሰጠን ሌላ ነው» ብሎ ገንዘቡን እንዲመልስ ጠየቀው። ነጋዴው «አባቶቼ፥ ያሳየኋችሁን ያንኑ ሰጥቻችኋለሁ» ብሎ ማለ። ነገሩ ወደ ሽማግሎች ደረሰ። እኔም የሁለቱን ወገን ቃል በመዝገብ እንድጽፍ ተጠርቼ በዚያ ነበርሁ። ምስክሮች ሁሉ ምጣዱ በሱቅ ሲጋግር፥ በትምህርት ቤት ግን ሲያቅተው ማየታቸውን ስለ ተናገሩ፥ የሽማግሎቹ ልብ ነጋዴው ገንዘቡን ይመልስ ወደ ማለት አዘነበለ።

በዚያን ጊዜ ከትምህርት ቤቱ መምህራን አንዱ ተነሥቶ «አባቶች፥ ፍርድ ከመስጠታችሁ አስቀድሞ ምጣዱ ራሱ ይመስክር» አለ። ሽማግሎቹም «ምጣድ እንዴት ይመሰክራል?» ቢሉት «በቍጥር ይመሰክራል» ብሎ መለሰ፤ እስከ ማግሥቱም ቀጠሮ ተሰጠው። ምስክርነቱን ከመስማታችን በፊት ግን የቍጥሩን ቋንቋ ማወቅ ይገባናል።

፪ኛ፤ ስለ አራቱ ልኮች

ከተራራ ላይ ፈልቆ በቧንቧ ወደ ቈላ የሚወርደውን ውሃ እናስብ። ምንጩ ከፍ ባለ መጠን ውሃው በብርቱ ይገፋል። በአንድ ደቂቃ ስንት እንስራ ውሃ እንዳለፈ ቢቈጠር የፍሰቱ ብዛት ይታወቃል። ቧንቧው ጠባብና ረዥም ሲሆን ውሃውን ይይዘዋል፤ ሰፊና አጭር ሲሆን ይለቅቀዋል። ከታች ያለው የውሃ ወፍጮ የሚፈጨውም እንደ ውሃው ግፊትና እንደ ውሃው ብዛት፥ በሁለቱ አንድነት ነው።

ኤሌክትሪክም በዚህ አምሳል ይታሰባል። ግፊቱ ቮልቴጅ ይባላል፤ የሚለካውም በቮልት ነው። በአገራችን በየቤቱ የሚገባው 220 ቮልት ነው፤ አንዲት የእጅ ባትሪ ድንጋይ ግን 1.5 ቮልት ብቻ አላት። በሽቦው ውስጥ የሚያልፈው ፍሰት ከረንት ይባላል፤ የሚለካውም በአምፔር ነው። ሽቦው ወይም ዕቃው ፍሰቱን የሚይዝበት ጠባይ መቋቋም ይባላል፤ ባለሙያዎች ሬዚስታንስ ይሉታል፤ የሚለካውም በኦም ነው። ዕቃው በየሴኮንዱ የሚሠራው ሥራ ኃይል ይባላል፤ የሚለካውም በዋት ነው።

እነዚህ ስሞች የሰዎች ስሞች ናቸው። ቮልት የተባለው በአውሮጳ አቈጣጠር በ1800 ዓመት የመጀመሪያውን ባትሪ ባስታወቀው በኢጣልያዊው በአሌሳንድሮ ቮልታ ስም ነው። አምፔር የፈረንሳዊው የአንድሬ ማሪ አምፔር፥ ኦም የጀርመናዊው የጌኦርግ ሲሞን ኦም፥ ዋት ደግሞ የእንፋሎትን ሞተር ያሻሻለው የስኮትላንዱ የጄምስ ዋት ስም ነው።

የውሃው ምሳሌ በአንድ ነገር ከኤሌክትሪክ ይለያል፤ ይህንም ለተማሪዎች አጥብቆ መንገር ያስፈልጋል። ውሃ ቧንቧው ቢቈረጥ ይፈስሳል፤ የኤሌክትሪክ ሽቦ ቢቈረጥ ግን ፍሰቱ ይቆማል። ኤሌክትሪክ እንዲሠራ መሄጃም መመለሻም መንገድ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ከቆጣሪው እስከ ማድ ቤቱ 50 ሜትር ቢሆን ፍሰቱ 50 ሜትር ሄዶ 50 ሜትር ይመለሳልና፥ የሽቦው ርዝመት በሒሳብ 100 ሜትር ነው።

፫ኛ፤ ስለ ኦም ሕግ

ጌኦርግ ኦም በ1789 ዓመት (በአውሮጳ አቈጣጠር) በኤርላንገን ከተማ ተወለደ። አባቱ ቍልፍ ሠሪ ነበር፤ በራሱ ድካም የተማረውን ሒሳብና የተፈጥሮ ዕውቀት ለልጆቹ አስተማራቸው። ኦም አድጎ በኮሎኝ ከተማ የትምህርት ቤት መምህር ሆነ። ከማስተማሩ በተረፈው ጊዜ ልዩ ልዩ ርዝመት ያላቸውን ሽቦዎች እየገጠመ፥ የፍሰቱን ብርታት በተንጠለጠለ የማግኔት መርፌ ይለካ ነበር። የዚያን ዘመን ባትሪ ብርታቱ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ ልኩን አበላሸበት። ስለዚህ ባትሪውን ትቶ መዳብንና ቢስሙት የተባለውን ብረት አጋጠመ፤ አንዱን መጋጠሚያ በፈላ ውሃ፥ ሁለተኛውን በበረዶ አድርጎ የማይለዋወጥ ግፊት አገኘ።

በ1827 ዓመት ያገኘውን በመጽሐፍ አሳተመ። በአገሩ የነበሩ ብዙ ሊቃውንት ግን በጊዜው ዋጋ አልሰጡትም፤ እርሱም የኮሎኙን ሥራ ለቀቀ። ከዐሥራ አራት ዓመት በኋላ በ1841 ዓመት የለንደን ንጉሣዊ የሳይንስ ማኅበር የኮፕሊን ሜዳይ ሸለመው። በ1854 ዓመት ሞተ፤ በ1881 ዓመት በፓሪስ የተሰበሰቡ የኤሌክትሪክ ሊቃውንት ስሙን ለመቋቋም ልክ መጠሪያ አደረጉት።

ሕጉ ይህ ነው፤ መቋቋሙ ሳይለወጥ ግፊቱ እጥፍ ቢሆን ፍሰቱም እጥፍ ይሆናል፤ ግፊቱ ሳይለወጥ መቋቋሙ እጥፍ ቢሆን ፍሰቱ በግማሽ ይቀንሳል። በቍጥር ሲጻፍ፥

ቮልት = አምፔር × ኦም
ኦም = ቮልት ÷ አምፔር
አምፔር = ቮልት ÷ ኦም

ባሕረ ሐሳብን ለተማሩ አባቶች ይህ ዐይነት ሒሳብ እንግዳ አይሆንባቸውም። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 ስለሚሆኑ አንዱን ያገኘ ሌላውን ሳይደክም ያገኛል። በዚያ መደመርና መቀነስ፥ በዚህ ደግሞ ማባዛትና ማካፈል ነው እንጂ መንገዱ አንድ ነው፤ ከሦስቱ ሁለቱን ያወቀ ሦስተኛውን ያውቃል።

፬ኛ፤ ስለ ኃይል

የውሃው ወፍጮ በግፊቱና በብዛቱ አንድነት እንደሚፈጭ የኤሌክትሪክም ኃይል የሁለቱ ብዜት ነው።

ዋት = ቮልት × አምፔር

ኦም የታወቀ እንደ ሆነ ይኸው ሒሳብ በሁለት ሌላ መንገድ ይጻፋል፤

ዋት = አምፔር × አምፔር × ኦም
ዋት = ቮልት × ቮልት ÷ ኦም

በእነዚህ በሁለቱ አምፔር ወይም ቮልት ሁለት ጊዜ እንደሚገባ አስተውሉ። ስለዚህም ግፊቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ግፊቱ በግማሽ ሲቀንስ ኃይሉ ወደ ሩብ ይወርዳል።

መምህራን ይህን በክፍል ያለ ምንም አደጋ በባትሪ ድንጋይ ሊያሳዩ ይችላሉ። ከተበላሸ ራዲዮ የተነቀለ 100 ኦም መቋቋሚያ ይፈለግ። በአንድ ድንጋይ፥ ማለት በ1.5 ቮልት፥ 0.015 አምፔር ያልፍበታል፤ በሁለት ድንጋይ 0.03፥ በሦስት 0.045፥ በአራት ድንጋይ ማለት በ6 ቮልት 0.06 አምፔር ያልፍበታል። ፍሰቱ ከድንጋዩ ቍጥር ጋር እኩል አደገ። ኃይሉ ግን በአንድ ድንጋይ 0.0225 ዋት የነበረው በአራት ድንጋይ 0.36 ዋት ሆነ፤ ይኸውም ዐሥራ ስድስት እጥፍ ነው። በራዲዮ ውስጥ የሚገኙት ትንንሾቹ መቋቋሚያዎች አብዛኛውን ጊዜ ከ0.25 ዋት በላይ አይችሉምና በአራቱ ድንጋይ ቶሎ ይግላሉ፤ ስለዚህ ጥቂት አሳይቶ ማላቀቅ ነው እንጂ በእጅ መጨበጥ አይገባም።

ቆጣሪ የሚቈጥረው ግን ዋትን ብቻ አይደለም፤ ዋቱን ከሰዓቱ ጋር አባዝቶ ነው። 1,000 ዋት የሚወስድ ዕቃ አንድ ሰዓት ቢሠራ አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ይባላል፤ ሒሳብ የሚከፈለውም በዚህ ልክ ነው።

፭ኛ፤ ስለ ምጣዱ ምስክርነት

በማግሥቱ መምህሩ አንድ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ከነመለኪያው ይዞ መጣ፤ ሽማግሎቹ፥ ነጋዴውና የኮሚቴው ሰዎችም በማድ ቤቱ ተሰበሰቡ። በምጣዱ ጎን የተለጠፈው ጽሑፍ «220 ቮልት፥ 16 አምፔር» ይላል። መምህሩ ይህን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፎ እንዲህ ሲል አሰላ።

መቋቋሙ 220 ÷ 16 = 13.75 ኦም
ኃይሉ 220 × 16 = 3,520 ዋት

ከዚያ በኋላ ምጣዱ በርቶ ሳለ ባለሙያው ለካ። በቆጣሪው አጠገብ 220 ቮልት ተገኘ፤ በማድ ቤቱ ምጣዱ በተሰካበት ሶኬት ግን 176 ቮልት ብቻ ተገኘ። በሽቦው የሚያልፈው ፍሰት 12.8 አምፔር ሆነ። መምህሩም እንደ ገና አሰላ።

176 ÷ 12.8 = 13.75 ኦም

«አባቶች፥ እነሆ የምጣዱ ምስክርነት» አለ። «ነጋዴው ምጣዱን ለውጦት ቢሆን ወይም በውስጡ ያለው ሽቦ ጐድሎ ቢሆን ይህ ቍጥር በተለወጠ ነበር። በጽሑፉ 13.75 ነው፤ ዛሬም 13.75 ነው። ምጣዱ ነጋዴው የሸጠልን ትክክለኛው ምጣድ ነው።»

ከ220 ቮልት 176 ብቻ ከደረሰ 44 ቮልት በመንገድ ቀርቷል። በመንገድ ያለው ሽቦው ነው፤ መቋቋሙም 44 ÷ 12.8 ማለት 3.44 ኦም ያህል ነው። ይህን በሌላ መንገድ መመርመር ይቻላል። ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር ካሬ የሆነ የመዳብ ሽቦ በየሜትሩ 0.0172 ኦም ያህል መቋቋም አለው። ኮሚቴው ዋጋው ስለ ረከሰ የገዛው ሽቦ ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር ካሬ፥ ርዝመቱ 100 ሜትር ነበር፤ ሄዶ ሲመለስ 200 ሜትር ይሆናል። 200 × 0.0172 = 3.44 ኦም። ሁለቱ መንገዶች በአንድ ቍጥር ተገናኙ።

አሁን ኃይሉን እንመልከት።

ከቆጣሪው የወጣው 220 × 12.8 = 2,816 ዋት
ወደ ምጣዱ የደረሰው 176 × 12.8 = 2,252.8 ዋት
በሽቦው የቀረው 44 × 12.8 = 563.2 ዋት

ምጣዱ የሚገባው 3,520 ዋት ሳለ የደረሰው ከመቶ 64 እጅ ብቻ ነው። ቮልቱ የጐደለው ከአምስት እጅ አንዱ ሲሆን ኃይሉ ከሦስት እጅ አንዱ በላይ ጐደለ፤ ግፊቱ ሲቀንስ ፍሰቱም አብሮ ይቀንሳልና ጕድለቱ ሁለት ጊዜ ይገባል። እንጀራው ዓይን ያላወጣው ስለዚህ ነው። በሱቁ ግን ምጣዱ ከቆጣሪው አጠገብ በወፍራም ሽቦ ተገጥሞ ስለ ነበር ሙሉ ኃይሉን አገኘ።

በሽቦው የቀረው 563.2 ዋት ደግሞ ጠፍቶ አልቀረም፤ ሽቦውን ያሞቃል፤ ቆጣሪውም ይቈጥረዋል። በቀን ሦስት ሰዓት ቢጋገር ቆጣሪው 8.45 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይመዘግባል፤ ከዚህም 1.69 የሚሆነው ሽቦ ለማሞቅ ብቻ የዋለ ነው። ከሽማግሎቹ አንዱ ይህን ሲሰሙ «እንኪያስ ከምንከፍለው ከአምስት ብር አንዱን ለሽቦ ስንከፍል ኖረናልን?» አሉ። በትክክል እንደዚያ ነበር።

፮ኛ፤ ስለ ጥቅልሉ ሽቦ

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ነገር የተገኘው ግን ከማድ ቤቱ በር በስተኋላ ነው። ከቆጣሪው እስከ ማድ ቤቱ ያለው 50 ሜትር ብቻ ስለ ነበር የተረፈው 50 ሜትር ሽቦ ሳይቈረጥ ተጠቅልሎ በጭድ ክምር ላይ ተቀምጦ ነበር። ባለሙያው ጥቅልሉን ቢያነሣው የሽቦው ልባስ ለስልሶ እርስ በርሱ ተጣብቆ ተገኘ።

ይህም በሒሳብ ይታወቃል። ጥቅልሉ የሽቦው ግማሽ ስለ ሆነ የ563.2 ዋት ግማሽ፥ ማለት 281.6 ዋት በእርሱ ላይ ያርፋል። የተዘረጋ ሽቦ ሙቀቱን በየሜትሩ ለነፋስ እያካፈለ ይሄዳል። የተጠቀለለ ግን ሙቀቱን የሚያወጣበት የለውም፤ አራት ባለ 60 ዋት የድሮ አምፖሎች በአንድነት ታስረው በጭድ ውስጥ ቢበሩ ከሚሰጡት የሚበልጥ ሙቀት በውስጡ ይከማቻል። ጥቂት ሳምንት ቢቈይ ኖሮ ማድ ቤቱ መቃጠሉ አይቀርም ነበር። ስለዚህ ብዙ ኃይል ለሚወስድ ዕቃ የተጠቀለለ ሽቦ ከቶ አይገባም፤ የተረፈው ይቈረጥ፥ ወይም ሁሉ ይዘርጋ።

መፍትሔውም በዚያው ቀን በሰሌዳው ላይ ተሰላ። የሽቦው መቋቋም ርዝመቱ ሲያንስ ያንሳል፤ ውፍረቱ ሲጨምርም ያንሳል። ተራፊው ተቈርጦ በ4 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ ቢተካ፥ 100 × 0.0172 ÷ 4 = 0.43 ኦም ይሆናል። ከምጣዱ 13.75 ጋር ሲደመር 14.18 ኦም ነው። 220 ÷ 14.18 = 15.51 አምፔር። ለምጣዱ የሚደርሰው 15.51 × 15.51 × 13.75፥ ማለት 3,308 ዋት ያህል ነው። በሽቦው የሚቀረው 103 ዋት ያህል ሆኖ በ50 ሜትሩ ሁሉ ላይ ይበተናል። የአሉሚኒየም ሽቦ ከሆነ ግን መቋቋሙ በየሜትሩ 0.028 ኦም ያህል ነውና ከመዳቡ ይልቅ መወፈር ያስፈልገዋል።

ሽማግሎቹም ነጋዴው ነጻ ነው ብለው ፈረዱ፤ ኮሚቴውም በሸንጎ ፊት ይቅርታ ጠየቀው። እኔም ፍርዱን ስጽፍ የመምህሩን ቍጥሮች ከምስክሮቹ ቃል በታች በመዝገብ አሰፈርኋቸው። ሽቦው ተለውጦ ምጣዱ በበራ ቀን ጋጋሪዋ የመጀመሪያውን እንጀራ አውጥታ ለነጋዴው አቀረበችለት።

፯ኛ፤ ይህ ሕግ ስለሚሠራበት ሌላ ስፍራ

የኤሌክትሪክ መስመር ከሩቅ ግድብ ሲመጣ በታላላቅ የብረት ምሰሶዎች ላይ እጅግ ከፍ ባለ ቮልት የሚመጣው በዚህ ሕግ ምክንያት ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀው ከታላቁ የኢትዮጵያ ህዳሴ ግድብ የሚወጣው ዋና መስመር 500,000 ቮልት ነው። ምክንያቱን በቀላል ምሳሌ ለማስረዳት መቋቋሙ 10 ኦም በሆነ መስመር 1,000,000 ዋት እንላክ እንበል። በ10,000 ቮልት ብንልከው 100 አምፔር ያልፋል፤ በመንገድ የሚጠፋው 100 × 100 × 10 = 100,000 ዋት፥ ማለት ከዐሥር እጅ አንዱ ነው። በ500,000 ቮልት ብንልከው ግን 2 አምፔር ብቻ ያልፋል፤ የሚጠፋውም 2 × 2 × 10 = 40 ዋት ብቻ ይሆናል። ወደ መንደር ሲደርስ ትራንስፎርመር ቮልቱን ዝቅ ያደርገዋል።

በፀሐይ ኃይል የሚሠሩ ትምህርት ቤቶች ደግሞ የዚህን ተቃራኒ ይጠንቀቁ። 120 ዋት በ220 ቮልት ሲሠራ ከግማሽ አምፔር ጥቂት የሚበልጥ ይወስዳል፤ በ12 ቮልት ባትሪ ሲሠራ ግን 10 አምፔር ይወስዳል። ባትሪው 10 ሜትር ርቆ በ1 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ቢገጠም የሽቦው መቋቋም 0.344 ኦም ነውና 10 አምፔር ሲያልፍ 3.44 ቮልት በመንገድ ይቀራል። ከ220 ቮልት 3.44 ቢጐድል አይታወቅም፤ ከ12 ቮልት ሲጐድል ግን ከሩብ በላይ ነው። ስለዚህ የባትሪ ሽቦ አጭርና ወፍራም ይሁን።

ሕጉ የማይጸናበትንም ማወቅ ይገባል። የምጣድ ሽቦ ቢግልም መቋቋሙ ብዙ አይለወጥም። ክር ያለው የድሮ አምፖል ግን ሲበራ መቋቋሙ እጅግ ይጨምራል፤ ባለ 60 ዋቱ በ220 ቮልት በርቶ ሳለ 807 ኦም ያህል ሲሆን፥ ሳይበራ ቢለካ ከዚህ ከዐሥር እጅ አንዱን እንኳ ላይሞላ ይችላል። ሞተር ያለበት ዕቃ፥ እንደ ወፍጮና እንደ ማቀዝቀዣ ያለው፥ ቮልቱንና አምፔሩን አባዝተን ከምናገኘው ያነሰ ዋት ይሠራል። ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ ሒሳብ በትክክል የሚጸናው ሙቀት በሚሰጡ ዕቃዎች ላይ ነው።

፰ኛ፤ ስለ ጥንቃቄ

የሰውም ሥጋ መቋቋም አለው። ደረቅ ቆዳ ብዙ ይቋቋማል፤ እርጥብ ቆዳ ግን ወደ 1,000 ኦም ገደማ ሊወርድ ይችላል። በዚህ ጊዜ 220 ቮልት የነካው ሰው 220 ÷ 1,000 = 0.22 አምፔር ያልፍበታል። ይህ ባለ 60 ዋት አምፖል ከሚወስደው ያነሰ ነው፤ ነገር ግን ሰውን ለመግደል ይበቃል፤ ከ0.03 አምፔር በላይ የሆነው ሁሉ ለሕይወት ያሰጋልና። ባለ 16 አምፔር ብሬከር 0.22 አምፔር ሲያልፍ አይቈርጥም፤ ሽቦን ከመቃጠል ለመጠበቅ የተሠራ ነው እንጂ ሰውን ለማዳን አይደለም። ለሰው የተሠራ ሌላ ብሬከር አለ፤ ወደ መሬት የሚሾልክ ፍሰት 0.03 አምፔር ሳይሞላ ይቈርጣል። ውሃና ሊጥ በሚነካበት ማድ ቤት ይህ ቢገባ የተሻለ ነው።

ስለዚህ ተማሪዎች በዕቃው ላይ ከተጻፈው ቍጥር ያስሉ፤ በባትሪ ድንጋይም ይለኩ። በ220 ቮልት ላይ መለካትና ሽቦ መለወጥ ግን የባለሙያ ሥራ ነው። የኦም መለኪያን ኤሌክትሪክ ባለበት ሽቦ ላይ ማድረግ መለኪያውን ያቃጥላል፤ የያዘውንም ሰው ይጐዳል።

፱ኛ፤ ለተማሪዎች የሚሰጥ ጥያቄ

1ኛ. አንድ የውሃ ማፍያ በ220 ቮልት 10 አምፔር ይወስዳል። መቋቋሙና ኃይሉ ስንት ነው?

2ኛ. በአንድ ትምህርት ቤት 10 ባለ 9 ዋት አምፖሎች በየሌሊቱ 5 ሰዓት ይበራሉ። በ30 ሌሊት ቆጣሪው ስንት ኪሎ ዋት ሰዓት ይቈጥራል?

3ኛ. በ220 ቮልት 1,100 ዋት የሚሠራ ካውያ አለ። መቋቋሙ ስንት ነው? ቮልቱ ወደ 176 ቢወርድ ኃይሉ ስንት ይሆናል?

4ኛ. ከቆጣሪ 25 ሜትር የራቀ ቤት በ2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ ተገጠመ። 10 አምፔር ሲያልፍ ስንት ቮልት በመንገድ ይቀራል? ሽቦውስ ስንት ዋት ይሞቃል?

መልስ፤ 1ኛ. 22 ኦም፥ 2,200 ዋት። 2ኛ. 13.5 ኪሎ ዋት ሰዓት። 3ኛ. 44 ኦም፥ 704 ዋት። 4ኛ. 3.44 ቮልት፥ 34.4 ዋት።

ተማሪዎች እነዚህን ከፈጸሙ በኋላ ወደየቤታቸው ሄደው በዕቃዎቻቸው ላይ የተጻፈውን ቮልትና አምፔር ወይም ዋት ቀድተው ይምጡ፤ እያንዳንዱም የቤቱን ሒሳብ በሰሌዳ ላይ ያስላ።